በብራና ኅዳግ የኖረው ሕገ መንግሥት

በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ወደ ለንደን ደብዳቤ ላኩ። አክሱም ላይ ዘውድ ከጫኑ ገና ሰባት ወር አልሞላቸውም። ደብዳቤው የተጻፈው ለእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለሎርድ ግራንቪል ሲሆን፣ ንጉሡ እንዲመለሱላቸው የጠየቁት አንድ ሥዕልና አንድ መጽሐፍ ነበር። ሁለቱም ከአራት ዓመት በፊት የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ከተወሰዱት ቅርሶች መካከል ናቸው። መጽሐፉ ክብረ ነገሥት ነው። ዮሐንስ ምክንያታቸውን ሳይሸፋፍኑ አስቀመጡት፤ የአገሩ ሕግ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እንዳለ፣ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም እንደተጻፈበት፣ ያለ እሱም ሕዝቡ ትእዛዛቸውን እንደማይቀበል ገለጹ። የብሪታንያ ሙዚየምም መጽሐፉን መለሰ። ከመቅደላ ከወጡት ቅርሶች እንዲህ በቶሎ የተመለሰ እምብዛም የለም።

ዛሬ ያንን መጽሐፍ አንድ የሕግ ባለሙያ ቢከፍተው ግራ ይጋባል። አንቀጽ የለውም። ስለ ሥልጣን ክፍፍል፣ ስለ ዳኝነት፣ ስለ ግብር የሚደነግግ ምዕራፍ የለውም። ያለው የንግሥተ ሳባ ጉዞ፣ የሰሎሞን ጥበብ፣ የቀዳማዊ ምኒልክ ልደትና የታቦተ ጽዮን ወደ ኢትዮጵያ መምጣት ነው። ታዲያ ዮሐንስ «የአገሩ ሕግ» ያሉት የቱን ነው?

መልሱ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ከታሪኩ ውስጥ ነው፤ ክብረ ነገሥት ማን ሊነግሥ እንደሚገባው ይናገራል። ሁለተኛው ግን ከታሪኩ ዳር ነው። በኢትዮጵያ የመጻሕፍት ልማድ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የደብር ወሰን፣ የሹመት ተዋረድ የሚመዘገበው ለብቻው በተዘጋጀ መዝገብ አልነበረም። በተከበረ መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ነበር። የሽመዛና ደብረ ሊባኖስ የወርቅ ወንጌል ንጉሥ ላሊበላ የሰጡትን ስጦታ ጭምር ይዞ የቆየው በዚህ መንገድ ነው። ቃሉ ቅዱስ በሆነ መጽሐፍ ላይ የተጻፈን ስጦታ ማፍረስ ከቃሉ ጋር መጣላት ነውና፣ ብራናው እንደ ማኅተም ያገለግል ነበር። ስለዚህ ንጉሡ የጠየቁት መጽሐፍ ከመሐሉ ንግሥናው ከየት እንደመጣ፣ ከዳሩ ደግሞ በዚያ ንግሥና ሥር ማን ምን እንደያዘ የሚናገር ነበር። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የማንኛውም ሕገ መንግሥት ጥያቄዎች ናቸው።

በአንድ ሰነድ ያልተጠቃለለ ሕገ መንግሥት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ብሪታንያ፣ ኒውዚላንድና እስራኤል ናቸው። «ያልተጻፈ» የሚለው ቅጽል ግን ያሳስታል። የብሪታንያ ሕገ መንግሥት አብዛኛው የተጻፈ ነው፤ ከ1215ቱ ማግና ካርታ ጀምሮ የ1689ኙን የመብቶች ሕግ ይዞ እስከ ቅርብ ጊዜ የፓርላማ አዋጆች ድረስ (ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። የጎደለው ሁሉን የሚሰበስብ አንድ ጥራዝ ነው። ምንጮቹም በየቦታው ተበትነዋል፦ የፓርላማ ሕግ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ሊቃውንት የጻፏቸው የታመኑ መጻሕፍት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልማድ። የኦክስፎርዱ የሕግ መምህር አልበርት ዳይሲ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን የመጨረሻውን ለይቶ አወጣው፤ ማንም ፍርድ ቤት የማያስፈጽመው፣ ነገር ግን ሥልጣን ያላቸው ሰዎች እንደ ግዴታ የሚታዘዙት ደንብ መኖሩን አሳየ።

ይህንን መለኪያ ይዞ ከ1923 ዓ.ም. በፊት ወደነበረችው ኢትዮጵያ መመለስ ይቻላል። «ኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ያገኘችው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው» የሚለው የተለመደ አነጋገር ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ያን ጊዜ ያገኘችው በአንድ ሰነድ የተጠቃለለውን ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ምንጮቹ ቢያንስ አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ክብረ ነገሥት ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ ወደ ግዕዝ መለስነው ብለው በመጽሐፉ ማብቂያ ላይ አስፍረዋል። ይህም ዐፄ ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ዙፋኑን ከያዙ ብዙም ሳይቆይ ነው። አዲሱ ሥርወ መንግሥት ጥንታዊነቱን የሚመሰክርለት መጽሐፍ አስፈልጎት ነበር፤ አገኘም።

ሁለተኛው ፍትሐ ነገሥት ነው። ይህ መጽሐፍ የተዘጋጀው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ፣ በዐረብኛ፣ ኢብን አል-አሳል በተባለ ቅብጣዊ ሊቅ ነው። በሙስሊም ሱልጣን ሥር የሚኖር፣ ክርስቲያን ንጉሥ የሌለው ማኅበረሰብ አባል የሆነ ሰው ስለ ክርስቲያን ነገሥታት ሕግ ጻፈ፤ መጽሐፉም ንጉሥ ያለበት አገር አገኘ። በኢትዮጵያ ትውፊት ወደ ግዕዝ የተመለሰው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። ሃምሳ አንድ አንቀጾች ሲኖሩት አርባ አራተኛው ስለ ነገሥታት ነው። ኦሪት ዘዳግምን ተከትሎ ንጉሡ ከወንድሞቹ መካከል እንዲሆን፣ ባዕድ እንዳይሆን፣ ሕጉም ተጽፎለት በዕድሜው ሁሉ እንዲያነበው ያዛል። ንጉሡ የሕጉ ጌታ ሳይሆን አንባቢው ነው ማለት ነው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው ተረት ከዚህ አንቀጽ ጋር አብሮ መኖሩ የአገሩን ሕገ መንግሥታዊ ጭንቀት በአጭሩ ይናገራል።

ሦስተኛው ሥርዓተ መንግሥት የሚባለው ነው። የቤተ መንግሥቱን ወግ፣ የሹማምንቱን ተዋረድ፣ የችሎቱን አካሄድ፣ የሠፈሩን አቀማመጥ የሚዘረዝር ጽሑፍ ነው። በዙፋን ችሎት ፍርድ ሲሰጥ አስተያየት የሚጀምረው ከበታቹ ዳኛ ነበር። እየተዋረሰ ወደ ላይ ይወጣል፤ ንጉሡ የሚናገሩት በመጨረሻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ንጉሡ አስቀድመው ቢናገሩ ከእሳቸው ተቃራኒ የሚናገር አይገኝም። ይህ አንድ የአነጋገር ተራ ነው፤ ግን ዛሬ «የዳኝነት ነፃነት» ከምንለው ነገር ቁንጽል ያህል የያዘ ተራ ነው።

አራተኛው ልማድ ነው፤ ከሁሉም ሰፊው። የነጋሪት አዋጅ፣ የመሐላ ኃይል፣ አቡኑን ከእስክንድርያ የማስመጣት ግዴታ፣ ንጉሥ በቅብዐ ቅዱስ ካልተቀባ ንጉሠ ነገሥት አለመባሉ በዚህ ይካተታሉ። መንገደኛው ጠበኞችን «በሕግ አምላክ» ብሎ የሚያስቆምበት፣ ባለ ጉዳዮች ነጠላቸውን አቆራኝተው ራሳቸውን ወደ ዳኛ የሚወስዱበት ወግም ከዚሁ ነው። ፖሊስ በሌለበት አገር ሁለት ተካሳሾች በራሳቸው እግር ወደ ችሎት የሚሄዱ ከሆነ፣ በመካከላቸው የማይታይ ነገር አለ ማለት ነው።

ይህ ዝርዝር የሰሎሞናዊው ዙፋን ብቻ ነው፤ አገሩ ግን አንድ ሕገ መንግሥት ብቻ አልነበረውም። የኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሥልጣንን በስምንት ዓመት ይገድባል። የቦረና ጉሚ ጋዮ ጉባኤ ደግሞ በየስምንት ዓመቱ ተሰብስቦ ሕጉን ያስታውሳል፣ ያድሳል። ጉራጌ የራሱ የጆካ ቂጫ አለው። እነዚህ በብራና ኅዳግ እንኳ ያልሰፈሩ፣ በሰው አእምሮ የኖሩ ሕጎች ናቸው። የሥልጣን ዘመን ገደብን በተመለከተ ደግሞ ከዙፋኑ ሕግ የጠሩ ነበሩ፤ ክብረ ነገሥት ንጉሡ ከየት እንደሚመጣ ቢናገርም መቼ እንደሚወርድ አይናገርም።

እንዲህ ያለ ልማድ ሕግ መሆኑ የሚታወቀው ሊጥሰው የሚችል ሰው ሳይጥሰው ሲቀር ነው። ዘመነ መሳፍንት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በ1761 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን አስገደሉ። ጦሩ በእጃቸው ነበር፤ ጎንደርም በእጃቸው ነበረች። ዘውዱን ግን በራሳቸው ላይ አልጫኑም። ከንጉሣውያን ዘር ሌላ ፈልገው አነገሡ። ከእሳቸው በኋላ የመጡት የየጁ ራሶችም እንዲሁ አደረጉ። እስከ ራስ ዓሊ ድረስ ነገሥታቱን ይሾሙና ይሽሩ ነበር፤ አንዳንዱን ንጉሥ ደጋግመው አውርደው ደጋግመው መልሰውታል። ከመካከላቸው «ዘውዱን እኔው ልጫን» ያለ ግን አልተገኘም። ኃይል ሁሉ በእጃቸው ሳለ ያልደፈሩት አንድ መስመር ነበር። በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ይህን መስመር ጥሰው ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። እሳቸውም ቢሆኑ የሰሎሞን ዘር ነኝ ማለታቸው አልቀረም። ሕጉን የሰበረው ሰው ሕጉን ተጠግቶ ቆመ።

ከዚህም የጠነከረው ፈተና የመጣው በመስከረም 17፣ 1909 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ምኒልክ በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው ሲያሳውጁ መኳንንቱ ምለዋል፤ መሐላውን ያፈረሰ ውጉዝ እንዲሆንም ተነግሯል። ከሰባት ዓመት በኋላ የሸዋ መኳንንት ልጅ ኢያሱን ለማውረድ ሲሰበሰቡ ጦር አላነሳቸውም። ያስቸገራቸው መሐላው ነበር። ከመሐላ የሚፈታ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ አቡነ ማቴዎስ። ስለዚህ ክሱ መዘጋጀት የነበረበት አቡኑ በሚቀበሉት ቋንቋ ነው። ልጅ ኢያሱ ከሃይማኖታቸው ወጥተዋል ተባለ። አቡኑ መጀመሪያ አመነቱ፣ በኋላ ፈቱ። ዘውዱ ለወይዘሮ ዘውዲቱ፣ አልጋ ወራሽነቱ ለደጃዝማች ተፈሪ ሆነ።

ክሱ እውነት ነበር ወይስ የፖለቲካ ሰበብ? የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ለሕገ መንግሥት ጥያቄ ግን የበለጠ የሚናገረው አካሄዱ ነው። ንጉሥ ሊወርድ ይችላል። የሚወርድበት ምክንያት አለ፤ ሃይማኖት። የሚያወርደው አካል አለ፤ መኳንንቱና አቡኑ በአንድነት። የሚተካው ሰው የሚመረጥበት ክልል አለ፤ ንጉሣዊው ዘር። ከእነዚህ አንዱም በአንድ ወረቀት ላይ አልተጻፈም፤ ሁሉም ግን በአንድ ጠዋት ሥራ ላይ ዋለ። እርግጥ የመጨረሻው ቃል በዚያ ጠዋት አልተነገረም። ከአንድ ወር በኋላ ሰገሌ ላይ ከንጉሥ ሚካኤል ጦር ጋር ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው ነገሩ የጸናው። ያልተጠቃለለ ሕገ መንግሥት ትልቁ ድክመትም ይኸው ነው፤ ሁለት ወገን በየፊናው ሲተረጉመው ዳኛው ጦር ሜዳ ይሆናል።

የተፈሪና የዘውዲቱ ዘመንም ሌላውን ድክመት አሳየ። «አልጋ ወራሽ» ማለት ምን ያህል ሥልጣን ነው? የንግሥቲቱ ድርሻ የት ያበቃል? ማንም አልጻፈውም። ጥያቄው በቤተ መንግሥት ሽኩቻ፣ በመስከረም 1921 ዓ.ም. ተፈሪ ንጉሥ በመባላቸው፣ በመጨረሻም ንግሥቲቱ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. በማረፋቸው እየተመለሰ ሄደ።

ሐምሌ 9፣ 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የተጠቃለለ ሕገ መንግሥት ተፈረመ። ያረቀቁት ሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ ዋናው አርአያ እ.ኤ.አ. የ1889ኙ የጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር። አምሳ አምስት አንቀጾች አሉት። ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ፤ የአንደኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፣ የሌላውን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹሞች ይመርጣሉ። ማንም ሳይጠይቅ በንጉሠ ነገሥቱ በጎ ፈቃድ እንደተሰጠም ተነገረ።

አዲስ ነገር ያመጣ ይመስላል፤ አምጥቷልም። የሚያስገርመው ግን ከአሮጌው የወሰደውና ያስቀረው ነው። የክብረ ነገሥትን ታሪክ አንቀጽ አደረገው፤ ዙፋኑ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ በሚወርድ ዘር እንዲጸና ደነገገ። ግን «ዘር» የሚለውን ቃል አጠበበው። ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ትውልድ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መሥመር እንዳይወጣ አደረገ። በብራናው ዘመን የሰሎሞን ዘር ነኝ የሚል ብዙ ነበር፤ ጎንደር፣ ትግራይ፣ ጎጃም፣ ሸዋ ሁሉም ተስፋ ነበራቸው። በ1923ቱ ወረቀት ተስፋው የአንድ ቤት ሆነ። የንጉሡ ክብር የማይደፈር፣ ሥልጣኑ የማይነካ ነው ሲል ደግሞ መኳንንቱና አቡኑ በ1909 የተጠቀሙበትን በር ዘጋ። ከዚያ በፊት ንጉሥን ማውረድ ከባድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሕጋዊ መንገድ የሌለው ሆነ።

ስለዚህ ማጠቃለል ማለት የነበረውን ቁልጭ አድርጎ መገልበጥ አይደለም። መምረጥ ነው። ከብዙ ልማድ ውስጥ አንዱ ይጻፋል፤ ያልተጻፈው ሕግነቱን ያጣል። ይህ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ተደግሟል። አንቀጽ 3347 በሕጉ የተሸፈኑ ልማዳዊ ደንቦች ሁሉ እንዲሻሩ አደረገ። አገር ቤት ያለው ገበሬ ግን ሽማግሌዎቹን ይዞ ቀጠለ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 በተራው፣ ባለጉዳዮች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖትና በባህል ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል አወቀ። በወረቀት የተሻረው በወረቀት ተመለሰ።

የሌላ አገር ልምድ እዚህ ላይ ይረዳል። ከአትላንታ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለችው ኢስት ፖይንት እንደ ከተማ የተቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። ስሟን የሰጣት የባቡር ሐዲድ ነው፤ ሌላኛው ጫፍ ዌስት ፖይንት ይባላል። ሥልጣኗ ከጆርጂያ ምክር ቤት በተሰጣት ቻርተር ላይ ተዘርዝሯል። ጆርጂያ ራሷ አሁን የምትተዳደረው በአሥረኛው ሕገ መንግሥቷ ነው። ሁሉም ነገር ወረቀት አለው።

በ1879 ዓ.ም.፣ በዚያው ዘመን መሆኑ ነው፣ እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃ አጠገብ ለተቆረቆረው ሰፈር አዲስ አበባ የሚል ስም አወጡ። ቻርተር አልነበረም። ከተማው የበቀለው እንደ ንጉሥ የዘመቻ ሠፈር ነው፤ ግቢው ከመሐል፣ መኳንንቱ በየማዕረጋቸው ዙሪያውን። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ የሚለው የጦር ሥርዓት የሹመት ስም ሆኖ እንደቀረ ሁሉ፣ የከተማው ሰፈሮችም የሹመኞቹን ስም ይዘው ቀሩ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ገባር ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉትን ስሞች በተርታ የሚያነብ ሰው ያልተጻፈውን ሕገ መንግሥት ከታክሲ ሳይወርድ ያነበዋል።

ሆኖም ወረቀት በሞላበት አገርም ልማድ አለ። ጆርጅ ዋሽንግተን ከሁለት ዘመን በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ አልወዳደርም ሲሉ የከለከላቸው አንቀጽ አልነበረም። ተከታዮቻቸው ልማዱን ከመቶ አርባ ዓመት በላይ አከበሩት። ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1940 ለሦስተኛ፣ በ1944 ለአራተኛ ጊዜ ተመረጡ። ልማዱ ሲሰበር በ1951 በ22ኛው ማሻሻያ ተጻፈ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ልማዷን የጻፈችው ሥልጣን ያዡን ለመገደብ ነው። በ1923 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ልማዷን የጻፈው ሥልጣን ያዡ ነው፤ የጻፈውም ገደቡን ለማንሣት ነው።

ይህን ሲሉ ግን የብራናውን ዘመን ማስዋብ አይገባም። ያ ሕገ መንግሥት በኅዳጉ ላይ የመሬቱን ባለቤት ሲመዘግብ በመሬቱ ላይ የሚያርሰውን ገባር የሚያነሣው በግብሩ ብቻ ነው። ባርያው አንዳንዴ ከስጦታው ጋር ተቆጥሯል። ሙስሊሙ የአገሩ ሰው በዙፋኑ ታሪክ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። «የጋራ ልማዳችን» ሲባል የማን ልማድ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይላል። የተጻፈ ሕገ መንግሥት ካመጣቸው በጎ ነገሮች አንዱም ይህንኑ ጥያቄ በግልጽ ማንሣት መቻሉ ነው። ወረቀት ላይ ያልሰፈረን ግፍ «አንቀጹ ይሻሻል» ብሎ መቃወም አይቻልም።

ከ1923 ወዲህ አራት ሕገ መንግሥቶች መጥተዋል። የመጀመሪያው በጥቅምት 1948 በተሻሻለው ተተካ፤ ሰጪው ያው ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። የተሻሻለው መስከረም 2፣ 1967 ንጉሡ ሲወርዱ ታገደ። ከዚያ አገሪቱ አሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል በደርግ አዋጆች ብቻ ቆየች። የ1979ኙ በሕዝበ ውሳኔ ጸድቆ ከአራት ዓመት በኋላ ካመጣው መንግሥት ጋር ሄደ። በኅዳር 1987 በሕገ መንግሥት ጉባኤ የጸደቀው አሁን ያለው ነው። ከእነዚህ ውስጥ በራሱ የማሻሻያ አንቀጽ ተመርቶ ለተከታዩ ቦታ የለቀቀ እስካሁን የለም።

ስለዚህ አንድ ያልተጻፈ አንቀጽ በአራቱም ሰነዶች ውስጥ ሳይነካ አልፏል፤ አዲስ ገዥ አዲስ ሕግ ይዞ ይመጣል የሚለው። ክብረ ነገሥትም ከይኩኖ አምላክ በኋላ የመጣው በዚሁ አንቀጽ ነው። ዛሬ ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል፣ አይሻሻል፣ ይቀየር እያሉ አዲስ አበባም ሆነ አትላንታ የሚከራከሩ ሁሉ ስለ ተጻፉት አንቀጾች ብዙ ይላሉ። የክርክሩ ፍሬ የሚለካው ግን በዚህ ባልተጻፈው ነው። የየጁ ራሶች በእጃቸው ያለውን ዘውድ ያልጫኑት የሚያግዳቸው ጠባቂ ስለነበረ አይደለም፤ የማይደረግ ነገር መሆኑን ራሳቸውም ሕዝቡም ያውቁ ስለነበረ ነው። ሥልጣን የያዘ ሰው ያገኘውን ሕገ መንግሥት መቅደድ እንዲሁ «የማይደረግ ነገር» የሚሆንበት ቀን እስኪመጣ ድረስ፣ አምስተኛውም ሆነ ስድስተኛው ሰነድ የቀደሙትን ዕጣ መጠበቁ አይቀርም።